ትንሹ የበረሃ ዓሣ እና አንዲቱ የድንጋይ መደብ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



ስለ ዓሣ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ሐይቅን፣ ወንዝን ወይም ሰፊውን ባሕር ነው። ዓሣ ባለበት ስፍራ ሁሉ ውሃው የተትረፈረፈ፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ይመስለናል። የተፈጥሮ ሥራ ግን ከሰው ግምት የሰፋ ነው። ዝናብ እምብዛም በማይጐበኘው በረሃ፣ በድንጋያማ ኰረብታ ጎን በተከፈተ አንድ ጉድጓድ ውስጥ፣ ለብ ባለ ውሃ የሚኖር፣ ከአውራ ጣት አንጓ የማይበልጥ ዓሣ አለ። በዓለም ላይ ከዚያ ጉድጓድ በቀር በተፈጥሮ የሚገኝበት ሌላ ስፍራ የለም።

ይህን ትንሽ ዓሣ ለጽሑፌ አርእስት አድርጌ የመረጥሁት እንግዳ ነገር ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በባዮሎጂ ትምህርት «ችግርን የሚችል ፍጥረት» ሲባል ስንሰማ «እንግዲያው ለእርሱ አያሠጋም» ወደ ማለት እናዘነብላለን። የዚህ ዓሣ ታሪክ ግን ጥንካሬና ደኅንነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በግልጽ ያስረዳል። ዓሣው ሌላው ዓሣ የሚሞትበትን ሙቀት ይችላል፤ ውሃው በአንድ ክንድ ያህል ቢጐድልበት ግን ዘሩ ይጠፋል። ከዚህም የተነሣ ጉዳዩ እስከ አንድ ታላቅ መንግሥት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ ጉድጓዱ፣ ቀጥሎ ስለ ዓሣው ጠባይ፣ ከዚያም ስለ ውሃው ክርክር ባጭሩ እገልጻለሁ። በመጨረሻም ነገሩ ከአገራችን ጋር ያለውን ግንኙነት አመለክታለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ ጉድጓዱና አገሩ

ጉድጓዱ የሚገኘው በሰሜን አሜሪካ፣ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በኔቫዳ ግዛት፣ አሽ ሜዶውስ በሚባለው የበረሃ ሜዳ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ «ዴቪልስ ሆል» ሲሆን ትርጓሜው «የሰይጣን ጉድጓድ» ማለት ነው። ከጉድጓዱ በስተ ምዕራብ ዴዝ ቫሊ፣ ማለት «የሞት ሸለቆ» የሚባለው አገር አለ። የሸለቆው ዝቅተኛ ስፍራ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ሲሆን፣ በምድር ላይ እጅግ ሞቃት ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ነው።

ይህ አገር ሁልጊዜ እንዲህ ደረቅ አልነበረም። በበረዶው ዘመን ዝናቡ ብዙ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ስለ ነበር፣ ዛሬ ጨውና አሸዋ ብቻ በሚታይበት ስፍራ ታላላቅ ሐይቆች ተኝተው ነበር። ሐይቆቹን የሚያገናኙ ወንዞችም ነበሩ። የበረዶው ዘመን አልፎ አየሩ ሲሞቅ፣ ሐይቆቹ እየመነመኑ ሄደው ደረቁ። በውስጣቸው ከነበሩት ዓሦች የተረፉት ምንጭ ባለበት ስፍራ የተጠጉት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በዚያ በረሃ እዚህም እዚያም ባሉት ምንጮች ውስጥ፣ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ፣ ነገር ግን የአንድ ቤተሰብ የሆኑ ትንንሽ ዓሦች ይገኛሉ። በባሕር መካከል በተበተኑ ደሴቶች ላይ እንደሚኖሩ ሰዎች ናቸው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የእነዚህ ደሴት ውሃ፣ ባሕራቸው ደግሞ አሸዋ መሆኑ ነው።

የሰይጣን ጉድጓድ ከነዚህ ምንጮች ሁሉ የተለየ ነው። በኖራ ድንጋይ ውስጥ የነበረ የውሃ ዋሻ ከ60,000 ዓመት ግድም በፊት ጣራው ተደርምሶ አፉ ወደ ሰማይ ተከፈተ። በድንጋዩ ስንጥቅ ወደ ታች ወርደው ሲመለከቱት የውሃው ገጽ ርዝመቱ 22 ሜትር፣ ወርዱም 3 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ጠላቂ ዋናተኞች ከ130 ሜትር በላይ ወርደው እንኳ ወለሉን አላገኙትም።

ውሃው የሚመጣው ከሩቅ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በሩቅ ተራሮች ላይ የወረደ ዝናብ ወደ ምድር ሰርጎ፣ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ እየተሽሎከሎከ፣ ከታች ባለው የምድር ሙቀት እየሞቀ እዚያ ይደርሳል። በውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ እየተለበጠ ስለ ቆየ፣ ሊቃውንት ያንን ልባጭ ቈርጠው በመመርመር ከ500,000 ዓመት በላይ የሆነ የአየር ጠባይ ታሪክ አንብበውበታል። እንግዲህ ጉድጓዱ ለዓሣው ቤት ከመሆኑም ሌላ ለሳይንስ የታሪክ መዝገብ ነው።

በ1952 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ጉድጓዱንና በዙሪያው ያለውን 16 ሄክታር ያህል መሬት ከዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ጋር እንዲጠቃለል አዘዙ። ይህ ትእዛዝ ኋላ ለተነሣው ክርክር መሠረት ስለ ሆነ፣ አንባቢ ዓመቱን እንዲያስታውስ እለምናለሁ።

፪ኛ፤ የዓሣው መልክና ጠባይ

የዓሣው ሳይንሳዊ ስም ሳይፕሪኖዶን ዲያቦሊስ ነው። ስሙ የተሰጠው በ1930 ሲሆን፣ «ዲያቦሊስ» የተባለው በጉድጓዱ ስም ምክንያት ነው እንጂ በክፋቱ አይደለም። በእንግሊዝኛ ይህ የዓሣ ወገን ፐፕፊሽ ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ቡችላ ዓሣ» እንደ ማለት ነው። ወንዶቹ በውሃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተሯሯጡ ሲባረሩ የሚጫወቱ ቡችሎች ስለሚመስሉ ነው።

ዓሣው ሲያድግ ርዝመቱ ከ2 ሴንቲሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም። ወንዱ ሰማያዊ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ሴቷ ወደ ቡና ዓይነት ያደላ መልክ አላት። ከዘመዶቹ የሚለይበት አንድ ዋና ምልክት በሆድ በኩል የሚገኙት ሁለት ክንፎች የሌሉት መሆኑ ነው። ራሱም ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ትልቅ ነው። ዕድሜው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሴቷም እንደ ሌሎች ዓሦች በሺህ የሚቈጠር ዕንቁላል አትጥልም፤ የምትጥለው ጥቂት ጥቂት ነው።

እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለት የዕድሜውን ማጠርና የዕንቁላሉን ማነስ፣ አንድ ላይ አድርገን እንመልከት። አንድ ዓመት ሙሉ ዕንቁላሉ ሳይፈለፈል ቢቀር፣ በሚቀጥለው ዓመት ወላጅ የሚሆን አይኖርም። ረጅም ዕድሜ ያለው እንስሳ ክፉ ዘመንን በትዕግሥት አሳልፎ ደግ ዘመን ሲመጣ ሊወልድ ይችላል። ለዚህ ዓሣ ግን እያንዳንዱ ዓመት የመጨረሻ ዕድሉ ነው።

፫ኛ፤ ሙቀትንና የኦክሲጅን ማነስን እንዴት ይችላል

የጉድጓዱ ውሃ ሙቀት በጋ ከክረምት ከ33 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የሰው ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ መሆኑን ስናስብ፣ ዓሣው ዕድሜውን ሙሉ በገላ መታጠቢያ ውሃ ውስጥ ይኖራል ማለት ነው።

ሙቀቱ ራሱ አንድ ችግር ነው፤ ሁለተኛውን ችግር ደግሞ ያስከትላል። ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን በስንጥቡ እየሳበ ነው። ውሃ ሲሞቅ ግን አየር የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል። ድስት ውሃ እሳት ላይ ስንጥድ፣ ገና ሳይፈላ በድስቱ ጎን ላይ ጥቃቅን አረፋ ይታያል። ይህ አረፋ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው አየር ሙቀቱ እያስወጣው ነው። በ15 ዲግሪ ሙቀት ያለ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሊትር እስከ 10 ሚሊግራም ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል። በሰይጣን ጉድጓድ ውስጥ ግን ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ያህል ብቻ ይገኛል፤ ውሃው ለብዙ ዘመን ከአየር ተለይቶ ከመሬት በታች ስለ ቆየ፣ ሙቀቱ ከሚፈቅድለት እንኳ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የዓሣ ሰውነት በሞቀ ውሃ ውስጥ ሥራው ስለሚፋጠን ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሲበዛ የሚገኘው ያንሳል ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይኖራል? በ2015 የታተመ አንድ ምርምር ስለ በረሃ ቡችላ ዓሦች አስደናቂ ነገር ገልጿል። በ33 ዲግሪ ሙቀት የለመዱ ዓሦች ኦክሲጅን በውሃው ውስጥ እያለ እንኳ አንዳንድ ጊዜ መሳቡን ይተዋሉ። እስከ 149 ደቂቃ ያህል ያለ ኦክሲጅን የቆዩ ታይተዋል። በዚህ ጊዜ ሰውነታቸው ኀይል የሚያገኘው ስኳርን ያለ ኦክሲጅን በማፍረስ ሲሆን፣ ከዚያ ሥራ የሚወጣው ነገር አልኮል ነው። ጠላና ጠጅ ሲጠነሰስ እርሾው የሚያደርገውን የሚመስል ሥራ በአንዲት ዓሣ ሰውነት ውስጥ ይፈጸማል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ብልሃት ዋጋ ያስከፍላል። ያለ ኦክሲጅን የሚገኘው ኀይል ከመደበኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዓሣው ብዙ ምግብ መፈለግ አለበት። የሰይጣን ጉድጓድ ደግሞ ምግብ የሚበዛበት ቤት አይደለም።

፬ኛ፤ አንዲቱ መደብ

ከላይ እንደ ተናገርሁት ጉድጓዱ ወለሉ ያልታወቀ ጥልቅ ነው። ነገር ግን በአንደኛው ጫፍ፣ ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብላ፣ በቤታችን ጥግ እንደሚሠራው መደብ የተዘረጋች አንዲት የድንጋይ ጠርዝ አለች። ርዝመቷ 5 ሜትር ተኩል፣ ወርዷም 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህ ማለት የአንድ መማሪያ ክፍል ሩብ ያህል ስፋት ነው። በላይዋ ያለው ውሃ ጥልቀቱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው።

የዚህ ዓሣ ዘር በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህች መደብ ላይ ነው። ምክንያቱም በጥልቁ ውስጥ ብርሃን የለም፤ ብርሃን በሌለበት አልጌ የሚባለው የውሃ አረንጓዴ አይበቅልም፤ አልጌ በሌለበት ደግሞ ዓሣውም፣ ዓሣው የሚበላቸው ጥቃቅን ነፍሳትም ምግብ የላቸውም። ፀሐይ የምታርፈው በመደቧ ላይ ስለ ሆነ፣ አልጌው የሚበቅለውና ዓሣው በዋናነት የሚመገበው፣ ዕንቁላሉንም የሚጥለውና ጫጩቶቹንም የሚያሳድገው በዚያች ብቻ ነው።

የፀሐይዋም ነገር ቢሆን በስስት ነው። ውሃው ከድንጋዩ ስንጥቅ በታች ስላለ፣ በበጋ እንኳ ብርሃኗ በቀጥታ የሚያገኘው በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ ለሁለት ወር ያህል ፈጽሞ በቀጥታ አታገኘውም። በዚህ የረሃብ ጊዜ ጉድጓዱን ከሚረዱት መካከል ጉጉት አንዱ ነው። በድንጋዩ ላይ የሚያድሩት ጉጉቶች ኩሳቸው ወደ ውሃው ሲወድቅ ለጥቃቅኑ ነፍሳት ምግብ ይሆናል፤ ከነፍሳቱም ወደ ዓሣው ይተላለፋል። በሌላ ስፍራ የሚጸየፉት ነገር በዚያ ሲሳይ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥም ቢሆን ለዚህ ጉድጓድ ሩቅ አይደለም። መስከረም 19 ቀን 2022 በሜክሲኮ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በሆነ ጊዜ፣ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ከ22 ደቂቃ ግድም በኋላ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማዕበል ተነሣ። እንዲህ ያለው ማዕበል አልጌውንና ዕንቁላሉን ከመደቧ ጠርጎ ወደ ጥልቁ ይጥለዋል። አንዳንድ ጊዜ የቆሸሸውን በማጽዳት ይጠቅማል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ምግቡን በሙሉ ይወስደዋል።

፭ኛ፤ የውሃው ክርክር

እስካሁን የተናገርሁት ዓሣው ከተፈጥሮ ጋር ስላደረገው ትግል ነው። ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን የመጣው ከሰው ሲሆን፣ ያመጡትም ሰዎች ዓሣውን ለመጉዳት ያሰቡ አልነበሩም።

ካፐርት የሚባሉ ቤተሰቦች በዚያ አካባቢ 12,000 ኤከር ያህል የሚሆን የከብት ርቢና የእርሻ መሬት ነበራቸው። በ1968 ከጉድጓዱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ጥልቅ ጉድጓዶች ቈፍረው በሞተር ውሃ መሳብ ጀመሩ። ውሃው ለከብት መኖ እርሻ ነበር። በሥራቸው ከ80 በላይ ሠራተኞች ይተዳደሩ ነበር። በረሃን አልምቶ ለሰው እንጀራ ማስገኘት የሚያስመሰግን ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም።

ነገር ግን ያ ውሃና የሰይጣን ጉድጓድ ውሃ ከመሬት በታች አንድ ነበሩ። በ1962፣ ክርክሩ ገና ሳይታሰብ፣ የውሃውን ከፍታ ለመለካት በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አንድ ትንሽ የመዳብ ቀለበት ተመትቶ ነበር። እስከ 1968 ድረስ ውሃው ከዚህ ምልክት በታች በአማካይ 37 ሴንቲሜትር ላይ ይቆም ነበር። ሞተሮቹ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ግን በየዓመቱ እየወረደ ሄዶ፣ በ1972 ከምልክቱ በታች 120 ሴንቲሜትር ደረሰ። ውሃው ከ91 ሴንቲሜትር በታች ሲወርድ መደቧ ከውሃ መውጣት ትጀምራለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ እዚህም ውሃው ቀስ በቀስ እየሸሸ የዓሣውን ዘር ይዞት ሊሄድ ተቃረበ።

ዓሣው ከ1967 ጀምሮ ሊጠፉ ከተቃረቡ ፍጥረታት መዝገብ ውስጥ ገብቶ ስለ ነበር፣ በ1971 የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት የእርሻውን ባለቤቶች ከሰሰ። አገሬው በሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ በመኪናው ላይ «ቡችላ ዓሣን አድኑ» የሚል ጽሑፍ ሲለጥፍ፣ ሌላው «ቡችላ ዓሣን ግደሉ» የሚል ይለጥፍ ነበር።

የባለቤቶቹ መከራከሪያ ቀላል የሚባል አልነበረም። «በ1952 የወጣው ትእዛዝ ስለ መሬቱ እንጂ ስለ ውሃው መብት አንዳች ቃል አልተናገረም፤ ደግሞም እኛ የምንስበው ከገዛ መሬታችን በታች ያለውን ውሃ ነው» አሉ። ክርክሩ ከታች ወደ ላይ እየተላለፈ ሄዶ ሰኔ 7 ቀን 1976 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሁሉ በአንድ ድምፅ ፈረዱ። ፍርዱን የጻፉት ዋናው ዳኛ ዋረን በርገር ነበሩ።

የፍርዱ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። መንግሥት በ1952 ያንን ጉድጓድ ሲከልል የከለለው ከነውሃው ነው፤ ያለ ውሃው ጉድጓዱን መጠበቅ ትርጉም የለውምና። ይህ መብት የ1952 ስለ ሆነ በ1968 ከጀመረው የባለ እርሻዎቹ አጠቃቀም ይቀድማል። ውሃው ከላይ ቢወሰድ ወይም ከሩቅ ከመሬት በታች ቢሳብ ጕዳቱ አንድ ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ሞተሩ ሁሉ ይቁም አላለም። የተጠበቀው ዓሣው እንዲኖር የግድ የሚያስፈልገው ያህል ውሃ ብቻ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ባለ እርሻዎቹ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በመጨረሻ የተወሰነው ልክ ከመዳቡ ቀለበት በታች 82 ሴንቲሜትር ሆነ።

እኔ በዚህ ፍርድ ውስጥ ትልቅ ነገር ሆኖ የሚታየኝ የመዳቡ ቀለበት ነው። ያ ቀለበት በ1962 ባይመታ ኖሮ፣ ውሃው ስንት እንደ ነበረና ስንት እንደ ወረደ በዳኞች ፊት ማን ሊያስረዳ ይችል ነበር? አንዱ «ቀንሷል» ሌላው «አልቀነሰም» እያለ ሲከራከር መደቧ ደርቃ ትገኝ ነበር። አስቀድሞ የለካ ሰው በክርክሩ ጊዜ ምስክር አያጣም።

፮ኛ፤ ከፍርዱ በኋላ

ፍርዱ ዓሣውን ከሞት አዳነው እንጂ ከሥጋት አላወጣውም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሽ ሜዶውስ ትልቅ ከተማ ለመቆርቆር ታስቦ ነበር። መሬቱ ተገዝቶ በ1984 የዱር አራዊት መጠበቂያ ስለ ሆነ ያ አሳብ ቀረ።

ሊቃውንት በየዓመቱ በጸደይና በመጸው ወደ ውሃው እየጠለቁ ዓሦቹን አንድ በአንድ ይቈጥሯቸዋል። በ2013 ጸደይ የተቈጠሩት 35 ብቻ ነበሩ። አንድ ሙሉ የእንስሳ ዘር በአንድ የትምህርት ክፍል ከሚቀመጡት ተማሪዎች ቍጥር አነሰ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በአቅራቢያው አንድ የማራቢያ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በውስጡ 380,000 ሊትር ያህል የሚይዝ ገንዳ ሲኖር፣ የመደቧ አምሳያ ሳይቀር ተሠርቶለታል። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ እያንሰራራ ሄዶ በ2024 ጸደይ 191 ደረሰ። ነገር ግን በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የሆኑት የመሬት መንቀጥቀጦች ያስነሡት ማዕበል አልጌውንና ዕንቁላሉን ስለ ጠረገው፣ በ2025 ጸደይ የተገኙት 38 ብቻ ነበሩ። ጠባቂዎቹ ተጨማሪ ምግብ ሰጡ፤ ከማራቢያውም ጥቂት ዓሦች አምጥተው ጨመሩበት።

የዘራቸው ማነስ ሌላም ጠንቅ አለው። በ2022 የታተመ ጥናት እንደ ገለጸው፣ የእነዚህ ዓሦች የዘር መመሳሰል ለአምስት ትውልድ ያህል ወንድምና እኅት ቢጋቡ ከሚደረሰው ጋር ይመጣጠናል። በአገራችን እስከ ሰባት ቤት ዘር ተቈጥሮ ጋብቻ የሚከለከልበትን ልማድ ለሚያውቅ አንባቢ የዚህን ክብደት መግለጽ አያስፈልግም።

፯ኛ፤ ምን ይጠቅማል?

«ይህ ዓሣ አይበላ፣ አይሸጥ፤ ለምን ይህን ያህል ይደከምለታል?» የሚል ጥያቄ ከክፍል ጓደኞቼ እንደሚነሣ አልጠራጠርም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ በሁለት መንገድ እመልሳለሁ።

አንደኛ፤ ይህ ዓሣና ዘመዶቹ ሌላ ፍጥረት የማይችለውን ሙቀትና የኦክሲጅን ማነስ የሚችሉበት ብልሃት ገና ተመርምሮ አላለቀም። የጠፋ ፍጥረት ደግሞ ሊመረመር አይችልም። በካሊፎርኒያ ቴኮፓ በሚባል ስፍራ በሙቅ ምንጭ ውስጥ የሚኖር ሌላ ቡችላ ዓሣ ነበር። 42 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይችል ነበር። ለገላ መታጠቢያ ሲባል ምንጮቹ ተቀላቅለው መንገዳቸው ሲለወጥ ግን አልቻለም። በ1982 ጠፍቷል ተብሎ ከመዝገቡ ተሰረዘ። በዚያ አገር ሕግ በመጥፋቱ ምክንያት ከመዝገቡ የተፋቀ የመጀመሪያው እንስሳ እርሱ ነው። ሙቀቱን ቻለ፤ የውሃውን መንገድ መለወጥ ግን አልቻለም።

ሁለተኛ፤ ዓሣው የውሃ መለኪያ ነው። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ስለማይታይ፣ ሲያልቅም አይታይም። በመደቧ ላይ የታየው መጕደል የዓሣው ጕዳይ ብቻ አልነበረም፤ የሸለቆው ሰው፣ ከብትና እርሻ ሁሉ የሚጠጡት ውሃ መጕደሉን የሚያስታውቅ ነበር። የዓሣውን ውሃ የጠበቀ ሰው የራሱንም ጠብቋል።

፰ኛ፤ ወደ አገራችን

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን በአፋር በረሃ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ አፍዴራ የሚባል ሐይቅ አለ። ውሃው ጨዋማ ሲሆን በዳርቻው ሙቅ ምንጮች ይፈልቁበታል። በዚህ ሐይቅ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ሁለት ዓይነት ትንንሽ ዓሦች ይኖራሉ። አንደኛው በ1931 ለሳይንስ የታወቀውና ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የሚባለው ነው። ሁለተኛው በ2001 አበበ ጌታሁን የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ከኬኔዝ ላዛራ ጋር ሆነው የገለጹት ሲሆን፣ እርሱም በሩቅ ዝምድና ከአሜሪካው ቡችላ ዓሣ ወገን ነው። ሁለቱ የማይተዋወቁ ዘመዳሞች በሁለት ክፍለ ዓለማት፣ በሁለት በረሃዎች፣ በሞቀ ውሃ አጠገብ ይኖራሉ ማለት ነው።

ከአፍዴራ ደግሞ አገራችን ብዙ ጨው ታገኛለች። የሐይቁ ውሃ በሞተር እየተሳበ ወደ መትነኛ ገንዳዎች ይገባል፤ ውሃው በፀሐይ ሲተን ጨው ይቀራል። ጨው ለእያንዳንዱ ቤት ያስፈልጋል፤ በሥራውም ብዙ ሰው ይተዳደራል። እኔም ሥራው ይቁም አልልም፤ ከኔቫዳው ፍርድ የምንማረውም ይህን አይደለም። የምንማረው፣ ሰውም ዓሣውም ከአንድ ውሃ በሚጠቀሙበት ስፍራ ልኩን አስቀድሞ ማወቅ እንደሚያስፈልግ ነው። ክርክር ከመጣ በኋላ የሚጀመር ልኬት የትናንቱን ከፍታ አይነግርም።

ከአፍዴራ ርቀን የምንኖርም ብንሆን የምንሠራው አናጣም። በየሰፈራችን ምንጭ አለ፤ የጉድጓድ ውሃም አለ። በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ያለን ተማሪዎች ባንድ ምንጭ ወይም ባንድ ጉድጓድ ላይ ምልክት አድርገን፣ በየወሩ የውሃውን ከፍታና ሙቀት ለክተን በደብተር ብንጽፍ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ጽሑፉን ተረክበው ቢቀጥሉ፣ ከዓመታት በኋላ ለአገር የሚጠቅም መዝገብ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መለኪያ ዘንግ፣ አንድ ቴርሞሜትርና የማይሰለች ሰው ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፣ ሙቀትን፣ ረሃብንና የመሬት መንቀጥቀጥን የቻለው ትንሽ ዓሣ ውሃው ወርዶ መደቧ ብትደርቅ ሊችለው አይችልም ነበር። ብርታቱ የራሱ ነው፤ ውሃው ግን በሰው እጅ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ቀለበቱን የመታው እጅ ውሃውን ለመለካት ብቻ አስቦ ነበር፤ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ግን ያ ልኬት የአንድ ዘር መትረፊያ ሆነ። እኛም በሳይንስ ክበባችን የምንጀምረው ልኬት ነገ ለማን ምስክር እንደሚሆን ዛሬ አናውቅምና፣ በዚሁ ዓመት እንጀምረው።